በስምሽ የተያዘው ወንበር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለዲምፕና፤

ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ባሕርና ያንን ሁሉ ሜዳ አቋርጦ ደጅሽ ይድረስ። እንደምን ከርመሻል? ዳሌሽ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን እንቅስቃሴ ትሠሪያለሽ ወይስ እንደ ልጅነትሽ «ነገ፣ ነገ» እያልሽ ታታልዪዋለሽ? ባልሽን ዋልተርን ያ ሳል ለቀቀው? ልጅሽ ሞሪንና ትንሹ ልጇ ደህና ናቸው? እዚያ ካናዳ፣ ሬጂና፣ በረዶው ገና አልጀመረም አይደል? ሁላችሁንም በያላችሁበት አምላክ ይጠብቅልኝ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እቆጣለሁ፤ ስለዚህ ደህና ነኝ ማለት ነው። ዓይኔ እንደምታውቂው ነው። ይህን የምጽፍልሽ በወፍራም እስክሪብቶና በአጉሊ መነጽር ስለሆነ መስመሩ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። በስልክ ሁለታችንም ውሸታሞች ነን፣ ዲምፕና። «እንዴት ነህ?» ትዪኛለሽ፣ «ምን እሆናለሁ!» እልሻለሁ፣ ከዚያ ስለ ዝናብ አውርተን እንዘጋለን። በጥር ወር ግን አንድ ቁም ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። «ማላኪ፣ በጋውን፣ ሰኔና ሐምሌን፣ መጥቼ ካንተ ጋር ላሳልፍ እንዴ?» ስትዪኝ እኔ «ኧረ አትድከሚ፣ ደህና ነኝ፣ ሰው አላጣሁም» አልኩሽ። አንቺም «እሺ» አልሽ፤ በጋው አለፈ። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ስለዚያች መልሴ ነው። ነገሩን ያነሳሳብኝ ግን የላክሽልኝ የልደት ስጦታ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ስለ ስጦታሽ አመሰግናለሁ። ሌላው ሰው ሰባ አራት ዓመት ሲሞላው ካልሲ ይላክለታል፤ አንቺ የባሕር ጠረፉን መንገድ የአንድ ቀን ጉብኝት ላክሽልኝ። አስራ ስድስት ሰው ብቻ በምትይዝ አውቶቡስ፣ ከነአስጎብኚዋ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ ላይ አውቶቡስ ስነዳ አንቺ የት ነበርሽ? ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ አይደለም? ወረቀቱ በፖስታ ሲደርሰኝ በር ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ስስቅ ቆይቼ ግን ሆዴ ባባ። ባለቤቴ ኡና ካረፈች ሦስት ዓመት፣ መንጃ ፈቃዴን ከመለስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ ወዲህ ያንን መንገድ አላየሁትም። በአገሩ አውቶቡስ በነጻ መሄድ እችል ነበር። ሌላ ሰው የኔን መሪ ይዞ ማየት ስላልፈለግሁ ነው። አንቺ ይህን ሳልነግርሽ አውቀሽዋል።

ሁለተኛው ወንበር ለጓደኛዬ ለፓትሲ ነበር አይደል? ይኸውልሽ ታዲያ፤ ፓትሲ የለም። አልሞተም፣ አትደንግጪ። በመጋቢት ልጁ መጥታ ሊቨርፑል ይዛው ሄደች። እሁድ እሁድ ካርታ እንጫወታለን ያልኩሽ፣ አንዴ አሸነፈኝ አንዴ አሸነፍኩት ያልኩሽ፣ ከመጋቢት ወዲህ ያለው ሁሉ ፈጠራ ነው። በየስልኩ መጨረሻ «ፓትሲን ሰላም በልልኝ» ስትዪኝ «የለም» ማለት አቃተኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ስለዚህ የሁለት ሰው ቲኬት ይዤ ማንን ልጥራ እያልኩ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰነበትኩ። አብረውኝ የነዱት ሾፌሮች ግማሾቹ ሞተዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ በልጆቻቸው ቤት ናቸው። ጎረቤቴን ልጠይቃት አስቤ በሯ ድረስ ሄድኩና ስሟን እንደማላውቅ ትዝ ሲለኝ ተመለስኩ። ሰባ አራት ዓመት በኖርኩበት ጠረፍ ላይ አብሮኝ አውቶቡስ የሚሳፈር አንድ ሰው አጣሁ። ይህን ስጽፍልሽ አፍሬያለሁ፤ ቢሆንም ይጻፍ።

ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ላርን ወደብ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። አውቶቡሷ ሌሎቹን ከቤልፋስት ጭና መጣች። ነጂዋም አስጎብኚዋም አንዲት ናት፣ ኦርላ ትባላለች፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ድምፀ ወፍራም፣ መኪናውንም ሰውንም ባንድ እጇ የምታዝ ልጅ። ስም ዝርዝሯን አየች፣ ጢሜን አየች፣ ደግማ ዝርዝሩን አየችና «ዲምፕና፣ ሁለት ሰው ይላል። መቼም ዲምፕና እርስዎ አይደሉም!» አለችኝ። ለካ ወንበሮቹን የያዝሻቸው በራስሽ ስም ኖሯል። «አይደለሁም» አልኳት። «ታዲያ እሷ የት ናት? እንጠብቃት?»

«እህቴ ናት፤ ካናዳ ሆና ገዝታ ላከችልኝ፤ እኔ ብቻዬን ነኝ» ማለት ይበቃኝ ነበር። እውነቱ አጭር ነበር። ግን አስራ አራት ሰው በመስኮት እያየኝ ነው፤ «ብቻዬን ነኝ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «እህቴ ናት፤ ጉንፋን ይዟት አልጋ ላይ ቀረች» ብዬ አረፍኩ። ኦርላ «ውይ፣ ምስኪን! በዚህች ፀሐይ! ከሩቅ ነው የመጣችው?» ስትለኝ «ከካናዳ» አልኳት። ይህችኛዋ እንኳ ግማሿ እውነት ናት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን በየፌርማታው እየከበደ ሄደ። ኦርላ በቆምንበት ሁሉ ሰው ጎድሎ እንዳይቀር ትቆጥራለች፤ ቆጠራውን ደግሞ ቀልድ አደረገችው። «አስራ አምስት እዚህ፣ ዲምፕና አልጋዋ ላይ፤ ሙሉ ነን!» ትላለች፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። አንዱ ማር በትኩስ ውሃ ይሰጣት አለ፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት አለች። ከኋላዬ የተቀመጠችው ማርይከ የምትባል የሆላንድ ሴት ደግሞ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነች፤ አዋላጅ መሆኗን ሳትነግረኝም ከአጠያየቋ አውቄዋለሁ። አንገቷን በወንበሮቹ መሃል አስግጋ «ትኩሳት አላት? ስንት ቀን ሆናት ከመጣች? ቤትህ ውስጥ ምን ስትሠራ ትውላለች?» እያለች አፋጠጠችኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ቀጠልኩ። ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው አልኩ። መጋረጃዎቼን ሁሉ አውርዳ አጠበች፤ የማድ ቤቱን ዕቃ ቦታ ቦታውን ቀያይራብኝ ማንኪያ እንኳ ማግኘት አቃተኝ፤ ሬዲዮኑን እኔ ከፍ ሳደርግ እሷ ዝቅ፣ እሷ ዝቅ ስታደርግ እኔ ከፍ፤ ትናንት በዚሁ ተኳርፈን ነው የዋልነው አልኩ። ማርይከ «እንደሱ ነው እህት!» አለችኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዲምፕና፣ እንዴት እንደጣፈጠኝ ልነግርሽ አልችልም። ካንቺ ጋር ስጣላ ከላርን እስከ ግሌናርም ድረስ አንድም መታጠፊያ ሳላይ አለፈኝ።

ከግሌናርም በኋላ ግን መንገዱ ራሱ ቀሰቀሰኝ። እጅና እግር አመል አይተውም። ኩርባው በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል፣ ግራ እጄ ማርሽ ይፈልጋል። ኦርላ በስፖኪዮ አይታኝ ኖሮ «አባባ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው ያለው!» ብላ አሳቀችብኝ። ልጅቷ ጥሩ ትነዳለች፤ ኩርባው ውስጥ ሳትገባ ነው ፍጥነቷን የምትቀንሰው። ይህን የምልሽ ስንቱን ሾፌር እንደማማ ስለምታውቂ ነው። ከካርንሎክ አለፍ እንዳልን የአገሩ አውቶቡስ፣ የኔው መስመር፣ ከፊት ለፊታችን መጣ። መቼም እዚህ ሾፌር ከሾፌር ሲተላለፍ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን አንስቶ ነው ሰላም የሚለው። እኔም ሳላስበው ጣቴን አነሳሁ። ነጂው ለኦርላ አነሳ፣ ኦርላ ለሱ አነሳች፤ የኔን ያየ የለም። ቀስ ብዬ እጄን ጉልበቴ ላይ መለስኩት። እንደዚያች ደቂቃ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም፣ ኡና የተቀበረች ዕለት እንኳ።

በቤታችንም አለፍን። ከቀዩ የድንጋይ ቅስት እንደወጣን ሰው ሁሉ በቀኝ በኩል ስኮትላንድ ታየች ብሎ ፎቶ ሲያነሳ እኔ ብቻዬን ወደ ግራ ዞርኩ። በሩን ቢጫ ቀብተውታል፤ ለእንግዳ በሳምንት የሚከራይ ሆኗል። አባታችን መረቡን የሚሰቅልበት ግንብ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ደርድረዋል። ለማየት ያገኘሁት ጊዜ አንድ ማስነጠስ አይሞላም። አጠገቤ ወዳለው ባዶ ወንበር ዞሬ «አየሽው?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ማርይከ ከኋላ እንዳትሰማኝ ዘጋሁት።

ባሊካስል ላይ ለምሳ ቆምን። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ ብለሽ አንብቢኝ። ጧት ስጣደፍ ምሳዬን ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ወጥቻለሁ። ወደቡ ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ባዶ እጄን ስቀመጥ ማርይከ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ሳንድዊቿን ፈታች። «ትልቅ ነው፣ ግማሹን ውሰድ» አለችኝ። እንቁላልና አይብ ነው፣ ሽታው ምራቄን አስዋጠኝ። እኔ ታዲያ እንደ ደንቡ «ኧረ በልቻለሁ፣ አንቺ ብዪ» አልኳት። «እሺ» አለችና ግማሹን በላች። ቀጥላ ሌላኛውንም ግማሽ በላች። እኔ ሁለተኛውን ልመና እየጠበቅሁ አፍ አፏን ሳይ ወረቀቱን ጨምድዳ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

ወዲያው ኦርላ ፔርሙዟን ይዛ መጣች። «አባባ፣ ሻይ ልቅዳልዎት?» «አልጠጣም ልጄ፣ አትቸገሪ።» «ትንሽዬ ብቻ።» «ተይው፣ ላንቺ አይበቃሽም።» «እንዴ! እኔ ብቻዬን ጠጥቼ አላውቅም፣ ይያዙ አልኩ!» ያዝኩ። ካም ያለበት ቅቤ የተቀባ ዳቦም በዚያው መንገድ፣ በሦስተኛው ልመና፣ እጄ ገባ። ማርይከ አንዴ እኔን አንዴ ኦርላን እያየች «ቆይ፣ ለኔ በልቻለሁ ብለኸኝ አልነበር? ዋሽተኸኛል?» አለች። ኦርላ ሻይዋ እስኪደፋ ሳቀች። «እዚህ አገር የመጀመሪያው ‘አይ’ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። እውነቱ የሚመጣው በሦስተኛው ነው» አለቻት። ማርይከ ግን አልሳቀችም። «እኛ ዘንድ አይ ካለ አይ ነው። ሰውየው የሚፈልገውን ያውቃል ብዬ አምኜው እተዋለሁ። ደግሜ ብጠይቀው መናቅ አይሆንም?» ስትል ኦርላ «በዚህ አያያዝሽማ የአየርላንድ ሽማግሌ ሁሉ በረሃብ ሊያልቅ ነው!» አለች፤ ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። የጎረስኩትን ዳቦ ማኘክ ተውኩ። አንቺም በጥር አንዴ ብቻ ነው የጠየቅሽኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። ስልኩን ዘግተሽ እንዳበቃሽ «ደግማ ትጠይቀኛለች» ብዬ ነበር። የካቲት ጠበቅሁ። በፋሲካ ስትደውዪ አሁን ታነሳዋለች ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ስለ ዋልተር ሳል አውርተን ዘጋን። በሚያዝያ ትንሿን ክፍል ቀለም ቀባኋት። ሰማያዊ። ለዳሌሽ ጠንካራ ፍራሽ ይሻላል ብለውኝ አዲስ ፍራሽም ገዛሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት «አትድከሚ» ላልኳት ሴት ነው። በነሐሴ «እንግዲህ ዘንድሮ አለፈ» ስትዪኝ ተቀየምኩሽ፤ አዎ፣ ተቀይሜሽ ነበር። እናታችን ደጅ ላይ የቆመን እንግዳ ሦስቴ ጎትታ ሳታስገባ የማትቀር ሴት አልነበረችም? የሷ ልጅ እንዴት አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃ ትተወኛለች አልኩ። ይወጣልኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ልክ አይደለም፤ የኔው ነቅዞ ነበር።

ለካ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አፋቸው የተናገረውን ከሚያምኑ ሰዎች ጋር ኖረሻል። እኔ አይ ስልሽ አክብረሽ አመንሽኝ። ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ የገባኝ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የሰው ዳቦ አፌ ውስጥ እያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሕሩ ዳር ወዳሉት ድንጋዮች ሄድን፤ እነዚያ ባለ ስድስት ማዕዘን ጥቁር ድንጋዮች ዛሬም እዚያው ናቸው፣ ማንም አልወሰዳቸውም። ጉልበቴ መውረዱን እምቢ ስላለኝ ከላይ ቀረሁ። ማርይከ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች፤ ለአንቺ ብላ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። ቀጥላም ስልኳን ዘረጋችልኝና «በል ደውልላት፤ የባሕሩን ድምፅ ትስማው፣ ደስ ይላታል» አለችኝ። እኛ ዘንድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ አንቺ ዘንድ ጧት አንድ ሰዓት። ከእንቅልፍሽ ተነስተሽ፣ ያ ወፍራም ካልሲሽን አድርገሽ፣ ዋልተርን የምትቆጪበት ሰዓት። ስልኩን ይዤ አየሁት፣ አየሁትና መለስኩላት። «እህቴ ላርን የለችም። አልታመመችም። ካናዳ ናት፤ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው» አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠች። «ለምን አትመጣም ታዲያ?» አለችኝ። «ልምጣ ብላኝ ነበር፤ አትድከሚ አልኳት።» «እንድትደክም ትፈልግ ነበር?» «በጣም» አልኩ። ይህን ቃል ሰው ፊት ስል የመጀመሪያዬ ነው። «ነግረሃታል?» «አልነገርኳትም።» «ለምን?»

ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ባሏ ያስላል አልኩ። ዳሌዋን ያማታል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የራሷ ቤትና የራሷ የልጅ ልጅ አላት፤ ሰው አፍ አውጥቶ ከለመነ ሸክም ይጭናል አልኩ። እሷም «ሸክሙን ትችል እንደሆነ እሷ ትወስን! አንተ ማን ሆነህ ነው የምትወስንላት? አንተ ደረቅ ሽማግሌ!» ብላ ጮኸችብኝ። ዲምፕና፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የሰደበኝ ሰው የለም። እንባዬ መጣ። ነፋሱ ነው አልኳት፤ እሷም አላመነችኝም፣ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም።

ስንመለስ በባሊሚና በኩል በመሃል አገር ነው የመጣነው። ወደቡ ጋ ስወርድ ሁሉም ባንድ አፍ «ዲምፕናን ሰላም በልልን! ይማርልን!» አሉ። ማርይከ ብቻ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ቆጥራ አተኩራ አየችኝ። ኦርላ አብራኝ ወርዳ አንድ የወረቀት ከረጢት ዘረጋችልኝ። ባሊካስል ላይ የገዛችው ቢጫ ከረሜላ ነው፤ ያ ጥርስ ነቃዩ፣ አንቺ የምትወጂው። «ለእህትዎ ነው፣ ሲሻላት ትብላው» አለችኝ። «ኧረ አይሆንም» ልል አፌ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዋጥ አደረግሁትና በመጀመሪያው ተቀበልኩ። ቶሎ ብዬ እንደ ሌባ ኪሴ ከተትኩት። ኦርላም የምትደግመውን ቃል አዘጋጅታ ኖሮ ግራ ገብቷት ቆመች።

ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ የትንሿን ክፍል በር ከፈትኩ። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ናት፣ አልጋ ላይ ናት ሲባል ሲሰማ የዋለ ሰው ምን ያድርግ? ማንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከፈትኩት። ፍራሹ ከነላስቲኩ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከረሜላውን ግማሹን እዚያው በላሁት፤ በዚህ ይቅር በይኝ።

እንግዲህ የጥር ወሩን መልሴን ልቀይር ነው። ሰው አላጣሁም ያልኩሽ ሐሰት ነው፤ ሰው አጥቻለሁ። ደህና ነኝ ያልኩሽም ግማሹ ሐሰት ነው። አትድከሚ ያልኩሽን ሰርዤዋለሁ። ድከሚልኝ። «ከተመቸሽ» አልልሽም፣ «ካላስቸገርኩሽ» አልልሽም፤ እነዚያን ሁለት ቃላት ጽፌ በወፍራሙ እስክሪብቶ አጥፍቻቸዋለሁ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያየሽው ለዚያ ነው። ነይ፣ ዲምፕና። ከበረዶው በፊት ነይ። አብሮኝ የሚጣላ ሰው እፈልጋለሁ፤ ከሰው ሁሉ ደግሞ አንቺን። ካልቻልሽ፣ ዳሌሽ ወይም ዋልተር ካልፈቀደ፣ «አልችልም» ብለሽ በግልጽ ጻፊልኝ፤ እችለዋለሁ። ወንድሜ አይ ብሎኝ ነበር ብለሽ ብቻ እንዳትቀሪብኝ።

ለዋልተር ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሚስትህን ለአንድ ወር አውሰኝ፣ ስመልስልህ ከቀድሞው የባሰች ተቆጪ ሆና ታገኛታለህ ብሎሃል በዪው። ሞሪንን ሳሚልኝ፤ የጉብኝቱን ቲኬት በኮምፒዩተር የያዘችው እሷ እንደሆነች አውቄያለሁ። ለትንሹ ልጇ ለኮናል አጎትህ አውቶቡስ ሲነዳ ፍሬን አይረግጥም ነበር ብለሽ ዋሺልኝ። ለጎረቤትሽ ለዚያች ዩክሬናዊት፣ ስሟን ጠርቼ ለማልጨርሰው፣ ሰላም በዪልኝ። ውሻችሁንም እንደው እሺ፣ እሱንም።

ላንቺ ሰላምታ አልልክም። ሰላምታ የሚላከው ለማይመጣ ሰው ነው።

ወንድምሽ ማላኪ
ላርን፣ አንትሪም ጠረፍ
ሴፕቴምበር 10 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.